ከጠርሙሱ በፊት መስኮቱን

በዚህች ቡለቲን ላይ ስለ ፕሬስ ነፃነት፣ ስለ ካፌ ሰልፍ፣ ስለ ካምፓስ ፍቅር ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ስለ ኤሊ ልጽፍ ነው። ስቃችሁ ስትጨርሱ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ለመሆኑ ኤሊ ፀሐይ ላይ ተዘርግታ የምትውለው ለምን ይመስላችኋል?

«ስለበረዳት ነዋ!» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም እስከ አምና ድረስ መልሴ እሱ ነበር። ግማሹ ልክ ነው። ግማሹን ግን ባለማወቄ አንዲት እንስሳ ዕድሜ ልኳን እያነከሰች እንድትኖር አድርጌአለሁ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

እሜቴ

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ አዳማ ነበር የምንኖረው፣ አያቴ ግቢ ውስጥ። አንድ ቀን የአባቴ ወዳጅ የሆነ የከባድ መኪና ሾፌር ከመተሐራ ወዲህ መንገድ ላይ ያገኛትን፣ የእጅ መዳፍ የምታክል ኤሊ በካርቶን ይዞልን መጣ። ድንጋይዋ (ልባሷን እኛ ቤት «ድንጋይ» ነበር የምንለው) ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ነው። በእንግሊዝኛ ሌፐርድ ቶርቶይዝ፣ ማለትም ነብርማ ኤሊ የሚሏት ዝርያ መሆኗን ያወቅሁት በኋላ ነው። አረማመዷ እንደ ጥንት ወይዘሮ የማይቸኩል ስለነበር አያቴ «እሜቴ» አለቻት፣ በዚያው ጸናላት።

አዳማ እያለን ማንም ተንከባክቧት አያውቅም። ሣር ትግጣለች፣ አረም ትለቅማለች፣ የወደቀ አበባ ትበላለች። ጠዋት ግድግዳው ሥር ፀሐይ ትሞቃለች፣ ቀትር ላይ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች። በሁለት ዓመት ውስጥ የሾርባ ሳህን አክላ ነበር፣ ድንጋይዋም እውነተኛ ድንጋይ!

ከዚያ አባቴ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረና ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገባን። ለእሜቴ በረንዳው ተሰጣት። በረንዳው ደግሞ እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ አቧራና ብርድ እንዳይገባ ዙሪያውን በመስታወት ተዘግቷል። ፀሐይ ከጠዋት እስከ ቀትር በመስታወቱ ትገባለች፣ ቦታው ይሞቃል፣ ብርሃን ነው። «ከእኛ ከሁላችንም የተሻለ ክፍል የደረሳት እሷ ናት» እያልን እንቀልድ ነበር። ምግቧ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ሲብስ ደግሞ የእንጀራ ፍርፋሪ ሆነ።

ዓመት ከመንፈቅ እንደሆነን አንድ ነገር ተመለከትኩ። ላነሳት ስል የድንጋይዋ ጠርዝ በጣቴ ጎበጥ አለ። እንደ ጥፍር ሳይሆን እንደ ወፍራም ካርቶን። የኋላ እግሮቿንም እየጎተተች መሄድ ጀምራ ነበር።

እንግዲህ እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ አይደል? ስልኬን አወጣሁ፣ አነበብኩ፣ «የቫይታሚን ዲ እጥረት» የሚል አገኘሁና ወደ መድኃኒት ቤት ሮጥኩ። የሕፃናት ጠብታ ጠየቅሁ። «ስንት ዓመቷ ነው?» አለችኝ ባለሙያዋ። «አራት» አልኩ። አልዋሸሁም፣ አራት ገደማ ነበረች! የታዘዘውን መጠን ደግሞ በልቤ «ይቺ ድንጋይ ናት፣ ካልበዛ አይሠራላትም» ብዬ እጥፍ አደረግሁት። በየቀኑ አፏን ከፍቼ አንጠባጠብኩ። በሦስተኛው ሳምንት ምግብ መብላት አቆመች።

የሐኪሙ ጥያቄ

የወሰድኳት ሐኪም ውሎው ከውሻና ከላም ጋር ነው። ግን አልሳቀብኝም። ገልብጦ አያት፣ ጠርዟን ተጫነው፣ ከዚያ ስለ መድኃኒት ምንም ሳይጠይቀኝ «ፀሐይ የት ታገኛለች?» አለኝ።

«በረንዳ ላይ ዶክተር፣ ከጠዋት ጀምሮ።»

«በረንዳው ክፍት ነው?»

«መስታወት አለው።»

«እንግዲህ ፀሐይ አላገኘችም» አለ። «መስታወት ሙቀቱንና ብርሃኑን ያሳልፋል፣ እሷ የምትፈልገውን ግን በር ላይ ያስቀረዋል።»

ያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት ባልነግራችሁ ይሻላል። ጠብታውንም ወዲያው አስቆመኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው

ከፀሐይ ከሚመጣው ውስጥ ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት የሚባል ጨረር አለ። ሳይንሱ በሦስት ይከፍለዋል፤ ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር ያለው ኤ፣ ከ280 እስከ 315 ያለው ቢ፣ ከዚያ በታች ያለው ሲ ይባላል። ሲ የሚባለውን ከባቢ አየር ስለሚያስቀረው ምድር አይደርስም። የእኛ ጉዳይ ቢ ነው። ይህ ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ እዚያ የሚገኘውን፣ የኮሌስትሮል ዘመድ የሆነ ቅባት ይለውጠዋል። የተለወጠው ነገር በሰውነት ሙቀት ቀስ እያለ ቫይታሚን ዲ 3 ይሆናል። ከዚያ በደም ተጉዞ ጉበት ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ኩላሊት ውስጥ ሌላ ጊዜ ይለወጥና ሥራውን ይጀምራል። ሥራው ምንድነው? ከምግብ ውስጥ ካልሲየምን ወደ ደም ማስገባት። እሱ ከሌለ ካልሲየም ቢበላም ዝም ብሎ ያልፋል። ደም ደግሞ ያለ ካልሲየም መኖር ስለማይችል ከአጥንት ይበደራል። ኤሊ ላይ ሲሆን ከድንጋይዋም ጭምር፣ ምክንያቱም የኤሊ ድንጋይ ከጎድን አጥንቷና ከአከርካሪዋ ጋር አንድ የሆነ አጥንት ነው።

አሁን ልብ በሉ፤ ሙቀትም ያስፈልጋል አልኩ፣ ጨረርም ያስፈልጋል አልኩ። ተሳቢ እንስሳት (ትምህርት ቤት «ገበሎ አስተኔ» ብለን የተማርናቸው) የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያገኙት ከውጭ ነው። ስለዚህ ከሜዳ ላይ ፀሐይ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይቀበላሉ። ተራ የመስኮት መስታወት ግን ሙቀቱን አሳልፎ ቢን ይውጠዋል። እሜቴ በረንዳው ላይ ስትሞቅ ሰውነቷ ፀሐይ ያገኘች መስሎት ይረካል፣ አጥንቷ ግን ይራባል። ከጨለማ ክፍል የከፋ ያደረገው ይሄ ነው፤ ጨለማ ክፍል ብትሆን ኖሮ እኛም ቶሎ እንነቃ ነበር።

ጠርሙሱ ወይስ ብርሃኑ?

እንግዲህ ወደ አቋሜ ልግባ። እኔ እንደማምነው ተሳቢ እንስሳ የሚያሳድግ ሰው መጀመሪያ ማሰብ ያለበት ስለ ብርሃን ነው፣ ቀጥሎ ስለ ምግብ፣ ጠርሙስ መጨረሻ ነው። እኛ ግን ተገላቢጦሽ እንሄዳለን። ጠርሙስ ይገዛል፣ ይታያል፣ «አንድ ነገር አደረግሁ» ያሰኛል። መስኮት መክፈት ግን ሥራ አይመስልም። ምክንያቴን ላስረዳ።

አንደኛ፣ ከፀሐይ የሚገኘው ቫይታሚን ራሱን ይገድባል። ቆዳ ላይ የተሠራው ነገር ከበዛ ያው ጨረር መልሶ ወደማይጠቅምና ወደማይጎዳ ነገር ይለውጠዋል። በአፍ የሚሰጥ ግን እንዲህ ዓይነት በረኛ የለውም። ከመጠን ካለፈ ደም ውስጥ ካልሲየም ይበዛል፣ ኩላሊትና የደም ሥር ላይ ይጋገራል። አጥንት ለማጠንከር የተሰጠው መድኃኒት ኩላሊትን ድንጋይ ያደርጋል ማለት ነው። ቫይታሚን ኤም እንዲሁ ነው። ለኤሊዎች በመርፌ በብዛት ሲሰጥ ቆዳቸው እየተላጠ ይወድቃል። አረንጓዴ ቅጠል የምትበላ ኤሊ ግን ከቅጠሉ ቢጫ ቀለም የሚያስፈልጋትን ያህል ራሷ ትሠራለች።

ሁለተኛ፣ እንስሳው ራሱ ያውቃል። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ፓንተር በተባለው የማዳጋስካር እስስት ላይ ተሠርቶ ነበር። በምግባቸው ውስጥ ቫይታሚን ዲ 3 ያነሰባቸው እስስቶች ወደ አልትራቫዮሌቱ ብርሃን ይበልጥ ይጠጋሉ፣ የበዛላቸው ደግሞ ይርቃሉ። ማንም አላስተማራቸውም! እሜቴም አዳማ እያለች ጠዋት ግድግዳ ሥር፣ ቀትር ላይ ቁጥቋጦ ውስጥ የምትገባው በዚህ ምክንያት ነበር። ብርሃንን እንስሳው «በቃኝ» ብሎ ሊሸሸው ይችላል። እኔ አፏን ከፍቼ ያንጠባጠብኩትን ግን በምን ትሽሸው?

ሦስተኛ፣ ክርክሩ አዲስ አይደለም፣ መልሱም ታውቋል። በ1919 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም ሪኬትስ የያዛቸውን ሕፃናት በሜርኩሪ መብራት አከማቸው። አንዱን ክንድ ብቻ ሲያበራለት ሌላኛው ክንድም አብሮ ዳነ፣ ማለትም ቆዳው የሠራው ነገር በደም ይዞራል። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ኤድዋርድ ሜላንቢ ቤት ውስጥ ዘግቶ ያሳደጋቸውን ቡችሎች በሽታ በዓሣ ጉበት ዘይት መከላከል ቻለ። አንዱ ብርሃን አለ፣ ሌላው ጠርሙስ አለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ! የሜላንቢ ቡችሎች ዘይቱ ያስፈለጋቸው ግን ፀሐይ ስለተነፈጉ ነው። ጠርሙስ የተዘጋ በር ካሳ ነው። በሩ መከፈት እየቻለ ካሳ መክፈል ምን ይሉታል?

ጠርሙስን ጨርሶ አልጠላም

ሚዛናዊ ሁኑ ብለው መምህራኖቻችን ያስተማሩንን ላክብር። ጠርሙስ ቦታ አለው። እባቦች አይጥን ከነጉበቷ ስለሚውጡ ቫይታሚኑን ከዚያ ያገኛሉ። ሌሊት የሚወጡ አንዳንድ የጌኮ ዝርያዎችም በምግባቸው ላይ ዲ 3 እየተነሰነሰላቸው ለብዙ ዓመታት በሰው ቤት አድገዋል። የታመመ እንስሳም ሐኪም ለክቶ ሲያዝለት መውሰድ አለበት። በ2010 እ.ኤ.አ. ጋሪ ፈርግሰን ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናት 15 የእንሽላሊትና የእባብ ዝርያዎች በተፈጥሮ ቦታቸው ምን ያህል ጨረር እንደሚቀበሉ ለክቶ በአራት ምድብ ከፍሏቸዋል፤ ከጥላ ወዳጆች ጀምሮ እስከ ቀትር ፀሐይ ወዳጆች። ስለዚህ «ለተሳቢ ሁሉ ይህን ያህል» የሚል አንድ መልስ የለም። የየትኛው አገር፣ የየትኛው ሰዓት እንስሳ ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ካልሲየም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ፀሐይ አትሠራውም፣ ከምግብ መምጣት አለበት። ለኤሊ ጥሩ ምግብ የሚባለው ካልሲየሙ ከፎስፎረሱ በእጥፍ ገደማ የሚበልጥ ነው። ሣር፣ የሜዳ ቅጠላ ቅጠል፣ እሾኹ የተነሳለት የበለስ ቁልቋል ጥሩ ናቸው። እኛ የምንሰጣት ቲማቲም፣ ሙዝና ዳቦ ግን የተገላቢጦሽ ናቸው። ተፈጭቶ የሚነሰነስ የእንቁላል ቅርፊት ደግሞ በየቤታችን የሚጣል ካልሲየም ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረታችን ለኤሊ የተነገረ ይመስላል!

ስለ መብራቱ

«ታዲያ ውጭ አገር መብራት የሚገዙት ለምንድነው?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለንደን ወይም ስቶክሆልም ውስጥ የአውስትራሊያ በረሃ እንሽላሊት ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ክረምቱን ሙሉ ደጅ ሊያወጣው አይችልም። ፀሐይዋም ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ቢ ጨረሯ እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ ቢ የሚያመነጭ ልዩ መብራት ይገዛል። እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ቢ ጨረሩ የሚታየው ብርሃን ሳይጠፋ በፊት ይደክማል፣ ስለዚህ በ6 ወይም በ12 ወር ይቀየራል። ርቀቱ መለካት አለበት። ከፊቱ መስታወት ወይም ፕላስቲክ ከተደረገበት ልፋቱ ከንቱ ነው። የሚሸሹበት ጥላም መኖር አለበት። እንስሳት ማቆያዎች ውስጥ ሳይቀር ችግሩ ታይቷል። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ የኮሞዶ ድራጎኖች ጥናት፣ ፀሐይ ሳያገኙ ቤት ውስጥ የተያዙት በደማቸው ያለው ቫይታሚን ዲ ደሴታቸው ላይ ካሉት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

እኛስ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ሆና ተቀምጣለች። የቀትር ፀሐያችን በአልትራቫዮሌት በኩል ከዓለም ብርቱዎች አንዷ ናት። ሌሎች በዶላር የሚገዙት ነገር በራፋችን ላይ በነፃ ሲፈስ እኛ መስታወት ዘግተን ጠርሙስ እንገዛለን። ያስቃል፣ ያሳፍራልም።

በነገራችን ላይ፣ መብራት እንግዛ ለምትሉ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ካርቶኑ ላይ «አልትራቫዮሌት» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ እንዳትወስዱ። የብር ኖት መፈተሻው ሐምራዊ መብራት ኤ ነው፣ ለአጥንት ምንም አይሠራም። በኮሮና ጊዜ ለጀርም መግደያ የተሸጠው ደግሞ ሲ ነው፣ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። አንድ ቃል፣ ሦስት የተለያየ ነገር! ቃል አጣርቶ መጠቀም ሥራችን ነው ለምንል ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይሄ ቀላል ትምህርት አይደለም።

«ሰው ሳይጠግብ ለኤሊ?»

ይህን ርዕስ ለክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው አንዱ «ኧረ ባክህ! ሕዝብ ኑሮ ከብዶት አንተ ስለ ኤሊ አጥንት ትጽፋለህ?» አለኝ። ቁም ነገር አለው፣ አልናቅሁትም። መልሴ ግን ከእኛው ብሎክ ነው።

ከእኛ በታች ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሰባት ወር ሕፃን ያላት ጎረቤት አለችን። ለእናቴ ቡና ጠጪ ናት። አንድ ጠዋት እግረ መንገዴን ሰላም ልላት ስገባ ሕፃኑን ቅባት ቀብታ፣ ራቁቱን አድርጋ፣ ፀሐይ ታሞቀዋለች። የት? በተዘጋ የመስታወት መስኮት ሥር! ብርድ እንዳይመታው ብላ።

ልናገር ወይስ ዝም ልበል? እኔ ሐኪም አይደለሁም። ምን ብዬ ልጀምር? «እትዬ፣ ኤሊያችን እንዲህ ሆና ነበር» ልበል? አንድ ሳምንት ሙሉ ዝም አልኩ። ደረጃው ላይ ባገኘኋት ቁጥር ዓይኔን እሰብራለሁ። በመጨረሻ ቡና ተፈልቶ እናቴ ባለችበት ስለ እሜቴ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። «ልጄን ከኤሊ ጋር ነው የምታመሳስለው?» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ በዓይኗ ገላመጠችኝ። «አይደለም እትዬ፣ ፀሐይዋን ነው የማመሳስለው። አንዲት ናት» አልኩ። ሌላ የምለው አልነበረኝም። ሳትሰናበተኝ ወጣች።

በማግስቱ ከደጅ ስገባ ቀና ብዬ አየሁ። የሁለተኛ ፎቅ መስኮት ተከፍቷል። ከዚያ ወዲያ ጤና ጣቢያ ሄዳ እንደጠየቀች፣ ባለሙያዋም «መስታወቱን ክፈቺ» እንዳለቻት ለእናቴ ነገረቻት። ለእኔ ግን እስካሁን አልነገረችኝም!

ጉዳዩ የአንድ ብሎክ ብቻም አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናትና ያልያዛቸውን 500 ሕፃናት አነጻጸሩ። ሪኬትስ የተገኘባቸው ከታመሙት 210፣ ካልታመሙት 20 ነበሩ። የ13 ወር ፀሐይ በሚባልበት አገር! የለሰለሰ የጎድን አጥንት ሳንባን ደህና አድርጎ አይደግፍም። አጥንት የእግር ጉዳይ ብቻ የሚመስለን ካለን እንሳሳታለን፣ የትንፋሽም ጉዳይ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮንዶሚኒየሙ በዝቷል፣ ግቢው አንሷል፣ መስታወቱ በርክቷል። እንግዲህ ጓደኛዬ፣ ስለ ኤሊ ብቻ ነው የጻፍኩት?

የእኛ ድርሻ

እዚህ ላይ ሙያችንንም ልተች። በየሬዲዮው «የጠዋት ፀሐይ ቫይታሚን ዲ አላት» ሲባል እንሰማለን። ፀሐይ ቫይታሚን የላትም! ቫይታሚኑን የሚሠራው ቆዳ ነው፣ ጨረሩ ሲነካው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ፀሐይ ቫይታሚን «አላት» ብሎ ያመነ ሰው ብርሃኗ በገባበት ሁሉ ቫይታሚኑም አብሮ የገባ ይመስለዋል፣ በመስታወትም ቢሆን። ጨረሩ ቆዳ መንካት አለበት ብሎ የሰማ ግን «በመካከል ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ የተሳሳተ ግሥ ስንት መስኮት እንደሚያዘጋ አስቡት። ፀሐይ ገና ከአድማስ ብቅ ስትል ደግሞ ጨረሯ በረጅም አየር ውስጥ ስለሚያልፍ ቢ በጣም ትንሽ ነው። «የጠዋት» ሲባል ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሆነ ጤና ባለሙያ ጠይቆ መናገር የጋዜጠኛው ፈንታ ነው።

ሌላው፣ ስለ ራሴ ቤት ነው። እሜቴን ከመጀመሪያው ማምጣት አልነበረብንም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሏል። የእሷ ዝርያም ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ከሚደረግበት ዝርዝር ውስጥ ነው። ነብርማ ኤሊ ከ50 ዓመት በላይ ትኖራለች። የ15 ዓመት ልጅ የተቀበላት ስጦታ አያት እስኪሆን አብራው ልትኖር ትችላለች ማለት ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ «እኔም ኤሊ ላሳድግ» ብላችሁ ከሆነ ጽሑፌ ከሽፏል። ምክሬ ቀድሞ በየግቢያችንና በየሆቴሉ ላሉት ነው። ሣርና ጥላ ያለው መሬት ስጧቸው፣ ፀሐይን በመካከል ምንም ሳይኖር ስጧቸው፣ ማታ ከብርድ አስገቧቸው፣ ሲታመሙ ከመድኃኒት ቤት በፊት ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው። መንገድ ላይ ያያችኋትን ደግሞ ተዋት፣ መንገዷን ትሂድ።

መቼስ «እሜቴ የት ደረሰች?» ሳትሉ አትቀሩም። አያቴ ግቢ ተመልሳለች፣ አዳማ። ወር ያህል ምግብ በቅጡ አልበላችም ነበር። ከዚያ ሣሩን ጀመረች። በዓመቱ የድንጋይዋ ጠርዝ ጠንክሯል። ጀርባዋ ላይ የገባው ጉድጓድ ግን አልሞላም፣ የግራ የኋላ እግሯም እንደተጎተተ ቀርቷል። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ አጥንት ይጠነክራል እንጂ የጠመመበትን ቅርጽ አይረሳም።

ለበዓል ስሄድ ጠዋት ግድግዳው ሥር አገኛታለሁ። አንገቷን አውጥታ፣ አራት እግሯን ዘርግታ። አያቴ «ለዚህች ነው ያን ሁሉ ብር የከሰከስከው?» ትለኛለች። ጠርሙሱ እስከ አሁን ግማሹ እንደሞላ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አልጣልኩትም፣ እንዳልረሳ።

ቸር እንሰንብት።